ክኒኑን አታቁሙ፦ ስለ ፒቱታሪ ኢንፌክሽን ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የቆየች ታካሚዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝና ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ አስከተለች፤ «ዶክተር፣ እንግዲያው ሃይድሮኮርቲሶኑን ላቁመው ወይ?» ሃይድሮኮርቲሶን ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ለመተካት በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ነው። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለ ፒቱታሪ ዕጢ ኢንፌክሽን የሚያብራራ፣ ቋንቋው የማያስቸግር፣ ጸሐፊውም በቅን ልቦና እንደጻፈው የሚያስታውቅ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ስለማይገኝ ሊመሰገን በተገባው ነበር። ነገር ግን ካሰፈራቸው ነጥቦች አምስቱ የተሳሳቱ ናቸው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ደግሞ ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ ምስጋናውን ለሌላ ቀን አቆይቼ ወደ እርማቱ እገባለሁ።

የጽሑፉ ሐሳብ ሲጠቃለል ይህ ነው። የፒቱታሪ ኢንፌክሽን እጅግ ብርቅ በመሆኑ እኛን አያሳስበንም፤ ቢከሰትም ትኩሳቱ ስለሚያጋልጠው አይደበቅም፤ የታይሮይድ ምርመራ ካልተዛባ ዕጢው ደህና ነው፤ የኤምአርአይ ምስል ምንነቱን ለይቶ ስለሚያሳይ አንጎል መክፈት አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ ተወስዶ ሲያልቅ ሕመሙም ያልቃል፣ ሆርሞን የሚተኩት ክኒኖችም «ስቴሮይድ» ስለሆኑና የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ቶሎ መቆም አለባቸው።

ከሁሉ በፊት ስለ አንዲት ቃል። አማርኛችን «ዕጢ» ሲል ሁለት ነገር ማለቱ ነው፤ ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤናማ የአካል ክፍልም፣ ያለ ቦታው የበቀለውን እባጭም በአንድ ስም ይጠራል። ታካሚው «አንጎልህ ሥር ያለው ዕጢ ታሟል» ሲባል «የአንጎል ዕጢ አለብህ» ብሎ ሰምቶ ይወጣል፤ ቤቱ ሲደርስ ለቅሶ ነው። ጽሑፉም ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው ሳያስጠነቅቅ ይዘላል፤ ግማሹ ግራ መጋባት የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። እኔ እዚህ ዕጢ ስል ሆርሞን አመንጪውን ብቻ ማለቴ ነው፤ ሌላውን እባጭ እለዋለሁ። ፒቱታሪ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል፣ ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ የሆነ፣ ከአፍንጫ በስተጀርባ ከአንጎል ሥር ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ዕጢ ነው። ታይሮይድን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን፣ ኮርቲሶል የሚያመነጩትን አድሬናል ዕጢዎችና የመራቢያ አካላትን ያዛል፤ ከኋላ ክፍሉ ደግሞ ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያደርገው ቫሶፕሬሲን ይለቀቃል። ከአናቱ ላይ የዓይን ነርቮች ይተላለፋሉ። ይህን አቀማመጥ ያስታወሰ አንባቢ የሚከተለውን ሁሉ ለመረዳት አይቸገርም።

አሁን «ብርቅ ነው» ወደሚለው። እውነት ነው፣ ብርቅ ነው። በዓለም የቀዶ ሕክምና መዛግብት ከፒቱታሪ ችግሮች መካከል መግል የቋጠረ ሆኖ የሚገኘው ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። «ስለዚህ አያሳስበንም» የሚለው መደምደሚያ ግን ከየት መጣ? ከመዛግብቱ ብዙዎቹ የተጻፉት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) እምብዛም በማይታይባቸው አገሮች ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ የአንጎል ሽፋንን ሲይዝ ወፍራሙ ፈሳሽ የሚጠራቀመው በአንጎል ግርጌ ነው፤ የፒቱታሪ ግንድ የሚያልፈውም እዚያው ነው። የመከላከያ አቅም በኤችአይቪ ሲደክም ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተህዋስና ፈንገስም ይታከሉበታል። ዕጢውን በቲቢ የተጠቁ ታካሚዎች ታሪክ በብዛት የተጻፈው ከሕንድ ነው። እዚያ ቲቢውም፣ ኤምአርአዩም፣ በአፍንጫ ገብቶ የሚሠራ ቀዶ ሐኪምም፣ ናሙናውን አይቶ የሚፈርድ ፓቶሎጂስትም አንድ ላይ ተገኝተዋል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ሞልቷል፤ ሌሎቹ ግን በጥቂት ከተሞች ብቻ ይገኛሉ። የማይፈለግ ነገር ደግሞ አይገኝም።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል ወደ ፒቱታሪው ሊወጣበት እንደሚችል ጽፏል። ከበሬ ሥጋ የሚገኘው ኮሶ ከአንጀት አልፎ አንጎል ውስጥ አይቋጠርም። አንጎል ላይ ቋጠሮ የሚሠራው የአሳማው ዓይነት ነው፤ የሚተላለፈውም በበሽተኛ ሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ምግብና ውሃ ውስጥ ባለው እንቁላሉ ነው። ጥሬ ሥጋ በሌላ በብዙ ነገር ይወቀስ፤ በዚህ ክስ ግን ነጻ ነው።

ትኩሳትን በሚመለከት ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘገየው እዚህ ጋ ነውና። መግል ከቋጠረባቸው ታካሚዎች ትኩሳት የሚታይባቸው ከግማሽ በታች ናቸው። የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥርም ያልጨመረ ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽኑ በአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ታጥሮ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ቲቢ ሲሆንማ ወራት ይፈጃል።

ጽሑፉን የላከችልኝን ሴት መጀመሪያ ሳያት ትኩሳቷ 36.4 ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ነው። መምህርት ናት። ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይዛ ገባች፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ታሪኳን እስክትጨርስ ግማሹን ጠጣችው። ራሷን ካመማት አምስት ወር አልፏታል፤ ሦስት ጊዜ «ሳይነስ ነው» ተብላ ታክማለች። የወር አበባዋ ቀርቷል፤ የሥራ ባልደረቦቿ እርጉዝ ናት ብለው ሲያሙ ከርመዋል። እናቷ አላስጨርሷት አሉ፤ «ኧረ ዶክተር፣ እንሥራውን ብቻዋን ጨረሰችው እኮ! ሌሊት ስድስት ጊዜ ትነሳለች፤ ስኳር የለባትም አሉን።» የደም ስኳሯ በእርግጥም ደህና ነበር። ስትወጣ ግን የበሩን መቃን በቀኝ ትከሻዋ መታችው። ስትገባም መትታው እንደነበር ነርሷ አስታወሰችኝ። በዓይን ነርቮቿ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖባት፣ ፊት ለፊቷን እያየች ግራና ቀኝ ዳሩን ማየት አቅቷት ነበር።

ውሃ ጥሙን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ፒቱታሪ ላይ በብዛት የሚበቅለው ተራ እባጭ ገና በቀዶ ሕክምና ሳይነካ ቫሶፕሬሲንን የሚያጠፋው እምብዛም ነው። ስለዚህ ራስ ምታትና የዕይታ ችግር ያለበት ሰው ቀን ከሌሊት ውሃ የሚጠጣና የሚሸና ከሆነ፣ ስኳሩም ደህና ከሆነ፣ ሐኪሙ ከተራው እባጭ ውጭ ማሰብ መጀመር አለበት፤ መግል፣ ቲቢ፣ የዕጢው ብግነት፣ ወይም ከሌላ አካል የተሠራጨ ካንሰር። ሽንቷን በጀሪካን አስለካናት። በመጀመሪያው ቀን አራት ሊትር ሆነ። ሃይድሮኮርቲሶን ከጀመርንላት በኋላ ወደ ሰባት ወጣ፤ ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ሞልቶ ሁለተኛው ተጀመረ። እናቷ መድኃኒቱ የባሰ አመጣባት ብለው ደነገጡ። ነገሩ ግን ይታወቃል፤ የኮርቲሶል እጥረት የሽንቱን ብዛት ይሸፍነዋል፣ ኮርቲሶል ሲተካ የተደበቀው ይወጣል። ማታ ቫሶፕሬሲንን የሚተካው ዴስሞፕሬሲን ሲሰጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ተኛች።

ወደ ታይሮይዱ ልመለስ። ጸሐፊው «ቲኤስኤች ካልተዛባ ዕጢው ደህና ነው» የሚለው ለታይሮይድ በሽታ የሚሠራውን ሕግ እዚህ አምጥቶ ነው። ታይሮይድን የሚያዝዘውን ሆርሞን፣ ቲኤስኤችን፣ የሚያመነጨው ራሱ ፒቱታሪ ነው። የታመመውን ዕጢ በራሱ ሆርሞን መመርመር ተከሳሹን ምስክር አድርጎ ማቆም ነው። ዕጢው ሲታመም ታይሮይድ የሚሠራው ሆርሞን ወርዶ እያለ ቲኤስኤች ግን ልክ መስሎ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ይህ የታይሮይዱ ሆርሞን (ፍሪ ቲ-4) አብሮ ካልተለካ ምርመራው ከንቱ ነው። የባሰው ቀጥሎ የመጣው ምክር ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ዝቅ ብሎ ከተገኘ የታይሮይድ ክኒን ይጀመር ይላል። ኮርቲሶል ለጎደለው ሰው የታይሮይድ ክኒን ቀድሞ መስጠት ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ እንድትቃጠል ያደርጋል፤ ታካሚው ደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ኮርቲሶል ይለካል፣ ከጎደለ ይተካል፣ የታይሮይዱ ክኒን ከቀናት በኋላ ይከተላል። ሰው ይገድላሉ ካልኳቸው ሁለቱ አንዱ ይህ ነው።

ቀጥሎ ምስሉ። ኤምአርአይ ትልቅ መሣሪያ ነው፣ ያለ እሱ ዓይነ ስውር ነን። መግል ሲቋጠር ብዙ ጊዜ መሐሉ የጠቆረ ጠርዙ የደመቀ ቀለበት ይታያል። ችግሩ እንዲህ ያለ ቀለበት ሌሎችም አላቸው፤ ውስጡ ደም የፈሰሰበት እባጭ፣ ከልደት ጀምሮ የነበረ ቋጠሮ፣ ሌላም። የውሃን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ልዩ የኤምአርአይ ሥዕል ፍንጭ ይሰጣል፤ ሆኖም አንዳንዴ መግሉ ሳይደምቅ ይቀራል፣ አንዳንዴ ደም ራሱ ደምቆ ያሳስታል። የእሷን ምስል ያነበበው ባለሙያ ደም የፈሰሰበት እባጭ ብሎ ጻፈ። ቦታውን በትክክል አሳየን፣ ምንነቱን ግን አላወቅንም። አልወቅሰውም፤ እኔም ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር።

«አንጎል መክፈት» የሚለው ቃልም ሰውን ያስፈራል እንጂ የሚደረገውን አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄርማን ሽሎፈር የተባለው ቀዶ ሐኪም በኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ከተማ በአፍንጫ በኩል ወደ ፒቱታሪ ከገባ ወዲህ መንገዱ ሲጠረግ ኖሯል። ዛሬ በአፍንጫ ቀዳዳ ቀጭን መነጽር ገብቶ፣ ከኋላ ያለው የአጥንት ክፍተት ታልፎ፣ የኮርቻው ወለል ተከፍቶ ነው ሥራው የሚሠራው። የራስ ቅል ከላይ አይከፈትም። እንዲያውም ኢንፌክሽን ሲጠረጠር ይህ መንገድ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት መግሉን ወደ አንጎል ሽፋን ሳይረጩ ወደ ታች ለማስወጣት ስለሚያስችል ነው።

እዚህ ላይ ለወጣት ሐኪሞች አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፉ ያልነካው፣ መጽሐፍም አጥብቆ የማይነግር ነው። ናሙናው ሲወጣ ለሁለት ይከፈል። አንዱ ለፓቶሎጂ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ፎርማሊን ባልነካው ንጹሕ ዕቃ ተህዋሱን አብቅሎ ለመለየት ለባክቴሪያና ለፈንገስ ካልቸር፣ የቲቢን ዘረመል ለሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራም ይሄዳል። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ተህዋሱ ሞቷል፣ ካልቸር የሚባል ነገር የለም። ቀዶ ሐኪሙ «ተራ እባጭ ነው» ብሎ ከገባ ይህን አያስታውስም፤ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት በቃልም በጽሑፍም መንገር ነው። እንዲህም ተደርጎ ከመግል ቋጠሮዎች ግማሽ ያህሉ ካልቸር ላይ ምንም አያበቅሉም፤ አስቀድሞ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ታካሚው በጽኑ ካልታመመ ናሙናው እስኪወሰድ አንቲባዮቲኩ ይቆይ እላለሁ። በጽኑ ከታመመ ግን ማንም ለካልቸር ብሎ አይጠብቅም። ባክቴሪያ ከሆነ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይዘልቃል።

ጸሐፊው ግማሽ እውነት የያዘውም እዚሁ ላይ ነው። ቲቢው ከሳንባ ወይም ከጀርባ በተቀዳ ፈሳሽ ቀድሞ የተረጋገጠለት፣ ዕይታው ያልተነካ ታካሚ ያለ ቀዶ ሕክምና በመድኃኒት ብቻ ሊታከም ይችላል። የእሷ ግን ሳንባዋ ንጹሕ ነበር፣ ዕይታዋ እየጠበበ ነበር፣ ሌላ ማስረጃም አልነበረንም። ቀዶ ሐኪሙ መግል አላገኘም፤ እርጥብ አይብ የመሰለ ግራጫ ነገር እንጂ። ጂን ኤክስፐርቱ በማግሥቱ ቲቢ አለ፤ ፓቶሎጂው ከአሥር ቀን በኋላ አጸናው። አራቱ መድኃኒቶች ለሁለት ወር፣ ቀጥሎ ሁለቱ ለአሥር ወር፤ በአገራችን የአንጎል ቲቢ የሚታከመው እንዲህ ነው። መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ በነጻ ትወስድ ነበር።

ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ተህዋሱ ሲሞት ሕመሙ ያልቃል የሚለው ለሳንባ ምች ይሠራ ይሆናል። ፒቱታሪ ላይ ግን በሽታው ሁለት ነው፤ አንዱ ኢንፌክሽኑ፣ ሌላው ኢንፌክሽኑ ያወደመው ዕጢ። ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። ጀርመናዊው ፓቶሎጂስት ሞሪስ ሲሞንድስ እ.ኤ.አ. በ1914 ስለዚህ ዕጢ መክሰም ሲጽፍ ያቀረባት ሴት ከወሊድ በኋላ ከያዛት ጽኑ ኢንፌክሽን ከዓመታት በፊት የተረፈች ነበረች። ኢንፌክሽኑ ለቋት ነበር፣ ዕጢዋ ግን አልተመለሰም። በእኛም አገር ማጅራት ገትር ወይም የአንጎል ቲቢ ታክሞ ዳነ ከተባለ ከዓመታት በኋላ ድካም የማይለቀው፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ጢሙ የሳሳ ሰው ሲመጣ ዕጢውን መመርመር ተገቢ ነው። ሁሉን በኢንፌክሽን ማሳበብም አይገባም፤ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት ከዚያ ወዲህ ጡቷ ወተት ያልያዘ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ ሴት ካለች ሃሮልድ ሺሃን እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጸውን ሕመም አስቡ።

«ስቴሮይድ» የሚለው ቃል የሚፈራው በመጠኑ ምክንያት ነው። ጤናማ አድሬናል በየቀኑ የሚያመነጨውን ለመተካት ለአዋቂ የሚሰጠው ሃይድሮኮርቲሶን በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። ይህ ጤነኛ ጎረቤቱ በደሙ ይዞት የሚዞረው መጠን ነው፤ መከላከያ አያዳክምም። የሚያዳክመው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚሰጠው ነው፤ እሱም ቢሆን በኢንፌክሽን ጊዜ ሁልጊዜ ክልክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከቬትናም የወጣው፣ 545 የአንጎል ሽፋን ቲቢ ታካሚዎችን ያካተተው ጥናት ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ከቲቢ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጸሐፊው ፍርሃት ትክክል የሚሆነው በሌላ ቦታ ነው፤ ናሙና ሳይወሰድ «ብግነት ይሆናል» ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን ብቻውን ሲጀመር። ያ መግል ላይ እሳት ማራገብ ነው። ይህን ቢጽፍ ኖሮ እደግፈው ነበር።

እንዲያውም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ኮርቲሶል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ትኩሳት ሲይዝ የቀኑ መጠን በእጥፍ ይወሰዳል፤ ካስመለሰው በመርፌ ይሰጣል። የቲቢ መድኃኒት ሲታከልበት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበትን ያነቃቃና ሃይድሮኮርቲሶኑን ቶሎ ያስወግደዋል፤ ትናንት የበቃው መጠን ከሁለት ሳምንት በኋላ አይበቃም። ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። መምህርቷ የቲቢ መድኃኒት በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ወንድሟ አቅፎ አመጣት፤ ሌሊቱን ሲያስመልሳት አድሯል፣ የደም ግፊቷ 70 በ40፣ ስኳሯ 52። መቶ ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥሯ ሰጥተን ጨው ያለበት ፈሳሽና ግሉኮስ ለቀቅንላት። በሁለተኛው ሰዓት ሻይ ጠየቀች። መዝገቧን ሳገላብጥ ሪፋምፒሲኑን ያዘዝኩትም፣ የሃይድሮኮርቲሶኑን መጠን ያልጨመርኩትም እኔው ነኝ፤ ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል፣ ከሥራቸው ፊርማዬ አለ። ጽሑፉ «ቶሎ ይቁም» ሲል ያናደደኝ ለዚህ ነው። እኔ ሳልጨምር በመቅረቴ ያን ያህል ከደረሰ፣ ጨርሶ ያቆመ ሰው ምን ሊሆን ነው?

በጾም ወራት ቅዳሴ እስኪወጣ፣ በረመዳን ጀንበር እስክትጠልቅ ክኒኑን የሚዘሉ ታካሚዎች አሉኝ። ከንስሐ አባታቸውም ከኢማማቸውም ጋር ተነጋግሬ አውቃለሁ፤ «ይውሰድ» ያላለኝ አንድም አላጋጠመኝም። ጸበል የሚሄዱትን አልከለክልም፤ ዴስሞፕሬሲን የሚወስዱትን ግን አስጠነቅቃለሁ። መድኃኒቱ ሽንቱን ይዞባቸው ሳለ በላዩ ላይ ብዙ ሊትር ጸበል ከጠጡ ደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፣ ይህም እስከ መንፈራገጥ ያደርሳል። ጥቂት ጠጥተው በቀረው ይጠመቁ።

ለመምህርቷ የመለስኩላት መልእክት አጭር ነበር፤ «አታቁሚ። ማክሰኞ የጠዋቱን ክኒን ሳትውጪ በቦርሳሽ ይዘሽ ነይ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ።» የቲቢ መድኃኒቱን ከጨረሰች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሪፋምፒሲኑ ሲቆም የሃይድሮኮርቲሶኑን መጠን መልሰን ቀንሰንላታል። ዕጢው አንሰራርቶ እንደሆነ በየጊዜው ማየት ተገቢ ስለሆነ ጥያቄዋን አልናቅኩትም። ማክሰኞ መጣች። ደሟ እንደተቀዳ እዚያው ላቦራቶሪው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ክኒኗን ዋጠች፤ የያዘችው ውሃ ግማሽ ሊትር ነበር፣ ከፍታ ሁለቴ ተጎንጭታ ዘጋችው። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ኮርቲሶሏ 1.4 ነው፤ ከሦስት ያነሰ ማለት ዕጢው አሁንም አላዘዘም ማለት ነው። ደወልኩላትና ነገርኳት። «እሺ ዶክተር» አለችኝ፣ «ክፍል ልገባ ነው።»